እትዬ ብርቅዬ ያላዩት ፕላን

ኤልፍነሽ ቶሮንቶ በገባች በሦስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1989 መከር ላይ፣ ዶናት ቤት ነበር የምትሠራው። አዲስ አበባ ሕንጻ ኮሌጅ ተምራ የተመረቀች፣ ከዚያም ሁለት ዓመት የጤና ጣቢያና የትምህርት ቤት ፕላን ስትሠራ የቆየች ልጅ ናት። ካርቱም ስትንከራተት የዲግሪዋን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ከሆዷ ጋር አስራ ነበር የከረመችው። እዚህ ከደረሰች በኋላ ግን ወረቀቱን ያሳየቻቸው ሁሉ አገላብጠው አይተው ይመልሱላታል። የካናዳ የሥራ ልምድ አለሽ ወይ ነው ጥያቄያቸው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ረዘም ቀጠን ያሉ፣ ጸጉራቸውን ባጭሩ የተቆረጡ ሴትዮ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቋት። እትዬ ብርቅዬ ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት መጥተው እዚያው እንደቀሩ፣ በከተማው ካሉት አበሾች የአርክቴክትነት ፈቃድ ያላቸው ሴት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ሰው ሁሉ ያወራል።

«ሕንጻ ኮሌጅ የተማርሽው አንቺ ነሽ?» አሏት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሰኞ ጠዋት ቢሮ ነይና እጅሽን ልየው።»

ሰኞ ሄደች። አንድ የደረጃ ንድፍ ሰጥተው እንድትገለብጠው አዘዟት። ስትጨርስ መስመሩን በጣታቸው ተከትለው አዩና ወረቀቱን ይዘው ወደ ባለቤቱ ክፍል ገቡ። ፔንዳል የሚባል ሰው ነው የቢሮው ባለቤት። ሲወጡ ሥራ አግኝታ ነበር።

ቢሮው ውስጥ ሃያ ሦስት ሰዎች ይሠሩ ነበር። ከስልክ ተቀባይዋና ከጸሐፊዋ በስተቀር ሴት ማለት እትዬ ብርቅዬ ብቻ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ስልሳ ተማሪ ነበርን፣ ከስልሳው ሴቶቹ አራት ነን ብለው አጫወቷት። «አንዷ አገባች፣ አንዷ ታመመች፣ አንዷ ሰለቻት። እኔ ማግባቱም መታመሙም ስላልሆነልኝ ቀረሁ» ይላሉ፤ ሲሉት ይስቃሉ።

ኤልፍነሽ ፈቃድ እንድታገኝ ፈቃድ ያለው አርክቴክት ሥር ብዙ ሺህ ሰዓት መሥራት ነበረባት። ከዚያ በኋላ ነው ፈተናው። የሰዓቱን ወረቀት የሚፈርመው ፔንዳል ነው። ከሰዓቱ ውስጥ የተወሰነው ደግሞ ሕንጻው የሚሠራበት ቦታ ተገኝተው የሚሠሩት መሆን አለበት፤ ፔንዳል ግን ወንዶቹን እንጂ እሷን አይልካትም። ሠራተኞቹ አፋቸው ክፉ ነው፣ ለሷ ብዬ ነው ይላል። እትዬ ብርቅዬ ለዓመት ያህል ሲከራከሩት ቆይተው በመጨረሻ ራሳቸው ይዘዋት ሄዱ። የመጀመሪያ ቀን የመከሯት ምክር አንድ ብቻ ነው። ጠዋት ሻይ አትጠጪ አሏት፤ እዚያ የሴት ሽንት ቤት የለም።

የ1991 የሥራ መጥፋት መጣ። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኝ ሰው ቀረ። ኤልፍነሽ ከቀሩት አንዷ ነበረች፤ እትዬ ብርቅዬ ፔንዳል ፊት ቆመው እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ ማለታቸውን ከጸሐፊዋ ነው የሰማችው። እሳቸው አንድም ቀን አልነገሯትም።

በዚያ ጊዜ ቢሮውን ያቆመው ሥራ ፓርክዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ የሚሠራ የአረጋውያን መኖሪያ ነበር። ፕላኑ የእትዬ ብርቅዬ ነው። በጓሮ በኩል ለዊልቸር የሚሆን ተዳፋት መውጫ፣ ራምፕ፣ ነድፈውለታል፤ ረጅም ነው፣ መሀል ላይ ማረፊያ አለው፣ ይታጠፋል። አንድ ክንድ ከፍ ለማለት አሥራ ሁለት ክንድ መሄድ አለበት፣ ከዚያ ካጠረ ሰው ይጥላል እያሉ ለኤልፍነሽ አስረድተዋታል።

በ1992 ሚያዝያ፣ ግንባታው ተጋምሶ ሳለ፣ የእትዬ ብርቅዬ እናት ሆስፒታል ገቡ። እትዬ ብርቅዬ ሆስፒታል እያደሩ፣ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ቢሮ ብቅ ይሉ ነበር። ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ጠረጴዛቸው ላይ የተከመረውን ወረቀት ያያሉ፣ ምልክታቸውን ያኖራሉ፣ ይሄዳሉ። ዓይናቸው አብጦ ነበር።

ከነዚያ ቀናት ባንዱ ከሰዓት በኋላ ፔንዳል አንድ ወረቀት ይዞ ኤልፍነሽ ጋ መጣ። የጓሮው ፕላን ነው። ራምፑን እንደ ልማዱ በቀይ እርሳስ ሰርዞ በአጭር ቀጥ ያለ ራምፕ ተክቶታል። ሁለት የመኪና ማቆሚያ ጎድሎናል፣ ቦታው የሚገኘው ከዚህ ብቻ ነው፣ እስከ ነገ ድረስ አስተካክለሽ አውጪው አላት። ኤልፍነሽ በዓይኗ ለካችው። ለአንድ ክንድ ሰባት ክንድ ቢሆን ነው። ቁልቁለቱ አልበዛም ወይ ብላ ጠየቀችው። የግንባታ ሰዎቹ ያውቁበታል አላት። እትዬ ብርቅዬ ይዩት ስትለው እጁን ትከሻዋ ላይ አኖረና፣ እሷ የራሷ ጭንቅ ይበቃታል፣ እንደተለመደው ፊደሏን አኑሪበት አለ። ድምፁ የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር።

ከያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች አሉ። አንዱ የነደፈው ሰው የስም ፊደል፣ ሌላው ያየው ሰው ፊደል የሚጻፍበት ነው። ኤልፍነሽ በመጀመሪያው የራሷን ጻፈች። በሁለተኛው የእትዬ ብርቅዬን ጻፈች። ብዙ ጊዜ እሳቸው እያሉ፣ እሺ ጻፊው ሲሏት ጽፋው ታውቃለች። ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ ብላ የፔንዳልን ቀይ ወረቀት አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠች።

ሐሙስ ዕለት እናታቸው አረፉ። እትዬ ብርቅዬ ስድስት ሳምንት ቤት ቀሩ። ሲመለሱ ፔንዳል የፓርክዴልን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥቶ፣ ለሳቸው ሌላ ፕሮጀክት አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ኤልፍነሽ ደግሞ ሐዘንተኛ ፊት የራምፕ ነገር ማንሳት ከበዳት። ዛሬ ነገ ስትል ሲሚንቶው ፈሰሰ፣ ሕንጻው አለቀ፣ በጥቅምት ሽማግሌዎቹ ገቡበት።

በጥር ወር በረዶ ዘንቦ ባደረ ጠዋት፣ አንድ የሰማንያ ዓመት የፖላንድ ሽማግሌ በዊልቸር በዚያ ራምፕ ሲወርዱ መንኮራኩሩ አመለጣቸው። ግርጌው ላይ ካለው የኮንክሪት ግንብ ጋር ተላተሙ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ሞቱ።

የኢንሹራንስ ጠበቆች መጡ። የግንባታ ፈቃድ የወጣበት ወረቀትና የተሠራበት ወረቀት ለየቅል ሆኖ ተገኘ። በኋለኛው ወረቀት ግርጌ የሰፈረው የእትዬ ብርቅዬ ፊደል ነው።

ፔንዳል ኤልፍነሽን ክፍሉ ጠራት። ስለ ራምፑ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የሰዓት ወረቀቷን ከፊቱ ዘርግቶ አራት ወር ያህል ብቻ እንደቀራት ነገራት። ይህ ጸደይ ለሁላችንም ከባድ ይሆናል፣ አንቺ ግን እዚህ እንድትቆዪ እፈልጋለሁ አላት።

ያን ማታ ለባሏ ለይመር ነገረችው። ሴንት ጄምስ ታውን አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ይመር ከፋብሪካ ሌይ ኦፍ ተደርጎ ሥራ ከፈታ ስምንት ወሩ ነው፤ ልጃቸው ጸዮን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ክፉ ሰው አይደለም ይመር። እስክትጨርስ ሰማት።

«አራት ወር ነው» አለ። «ፊርማው ይለቅ። ከዚያ በኋላ ትናገሪያለሽ።»

«እስከዚያ እሳቸውስ?»

«እሳቸው ፈቃድ አላቸው። ስማቸው የታወቀ ነው። እሳቸውን ማን ይነካቸዋል?»

በማግሥቱ እትዬ ብርቅዬ ጠረጴዛዋ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የአደጋው ፎቶግራፍ በእጃቸው ነበር። አጭሩን ራምፕ ሲያዩት ያ የመጀመሪያቸው ነው። ሌሎቹ እንዳይሰሙ አይደለም፣ በአማርኛ ማን ይሰማቸዋል፤ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የጠየቋት።

«ኤልፍዬ፣ ይህን እኔ አይቼው ነበር?»

«ፊደሉ የእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«እሱንማ አየሁት። አይቼ፣ ተናግሬ፣ እሺ ጻፊ ብዬሻለሁ?»

ኤልፍነሽ ከፊቷ ያለውን ወረቀት አስተካከለች።

«የፔንዳል ቀይ እርሳስ ያለበት ወረቀት የለም? ብቻዬን ይህን አላደርግም። ከመሬት ተነስቼ አላሳጥረውም። የሆነ ወረቀት መኖር አለበት።»

«የለም» አለች ኤልፍነሽ። «አላየሁም።»

እትዬ ብርቅዬ ፎቶግራፉን ሲያዩ ቆዩ። «እንግዲያው እኔ ነኝ» አሉና ተነሱ።

ቃላቸውን ሲጠየቁም አላየሁትም ብለው አልተከራከሩም። በዚያ ወር የሠራሁትን አላስታውስም፣ ፊደሉ የእኔ ነው አሉ። የሙያው ማኅበር ፈቃዳቸውን ለአንድ ዓመት አገደ። ፔንዳል ለሠራተኛውና ለደንበኞቹ ባወጣው ደብዳቤ፣ ወይዘሮ ብርቅዬ በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት ቢሮውን መልቀቃቸውን ገልጾ መልካሙን ሁሉ ተመኘላቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ሥራ ፈለጉ። በሥራ ማጣቱ ዘመን፣ ሃምሳ ዓመት የሞላቸውን፣ ሰው የሞተበት ሕንጻ ላይ ፊደላቸው የተገኘውን ሴትዮ ማን ይቀጥራል። ፈቃዳቸውን ሳያድሱ ተዉት።

ኤልፍነሽ ፊርማዋን አገኘች። ከዚያ ፈተናው መጣ፤ ፈተናው ይለፍ አለች። ፈተናውን ስታልፍ ደግሞ ማዕረጉ እስኪሰጥ አለች። በ1995 ፈቃዷን ስትቀበል ሰፈርተኛው ሴንት ጄምስ ታውን ባለው የሕንጻው አዳራሽ ግብዣ አደረገላት። እትዬ ብርቅዬም መጡ። ግንባሯን ስመው፣ «አሁን ደግሞ አንቺ አለሽ» አሏት። ያን ቀን የቀረበላትን ምግብ ሳትቀምስ ተወችው። ሰው ከደስታዋ የተነሳ መሰለው።

በ1997 የሙያው ማኅበር አንድ ኮሚቴ አቋቋመ። ሴቶች ትምህርቱን በብዛት እየጀመሩ፣ ከተመረቁ በኋላ ግን ለምን ከሙያው እንደሚጠፉ አጥንቶ፣ እንዴት መሳብና ማቆየት እንደሚቻል ሐሳብ እንዲያቀርብ ነው። ፔንዳል ኤልፍነሽን ጠቆመ፤ ቢሮዬ ሴቶችን እንደሚያበረታታ ምስክሬ እሷ ናት ብሎ ጻፈ። ስምንት ሆነው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ፈቃዳቸውን የተዉ የአርባ አንድ ሴቶች ስም ተከፋፈለ። እያንዳንዱ አባል የደረሱትን ሴቶች ደውሎ፣ የተዉበትን ምክንያት ጠይቆ ቅጽ ይሞላል። ለኤልፍነሽ ከደረሷት አምስት ስሞች ሦስተኛው የእትዬ ብርቅዬ ነበር። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ከቢሮው ፋይል የተገኘው አስቀድሞ ተተይቦበታል። የቤተሰብ ጉዳይ ይላል።

ለአራቱ ደወለች። ለእትዬ ብርቅዬ ግን ስልኩን አንስታ አራት ጊዜ መለሰችው። ቅዳሜ ዕለት ቀዩን ወረቀት ከልብስ ሣጥኗ ሥር አውጥታ እሳቸው ወዳሉበት ኢስት ዮርክ ሄደች።

እትዬ ብርቅዬ የአንድ ቤት የላይኛው ፎቅ ተከራይተው ነው የሚኖሩት። የሥራ ልብሳቸውን ገና አላወለቁም ነበር። የቤትና የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ መደብር ውስጥ፣ ለቤታቸው ኪችን ለሚገዙ ሰዎች የቁም ሣጥኑን አቀማመጥ ይነድፋሉ። ኮቷን ተቀብለው ሰቀሉላት፣ ስለ ጸዮን ጠየቋት፣ ውሃ አምጥተው አስቀመጡላት። ኤልፍነሽ ውሃውን ሳትነካ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

እትዬ ብርቅዬ መነጽራቸውን አደረጉ። ቀዩን መስመር በጣታቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱበት። ከሥሩ የተጻፈውን የፔንዳልን የእጅ ጽሑፍ አነበቡ።

«ከየት አመጣሽው?»

«መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ እትዬ። ያን ቀን ሲጠይቁኝም ነበር። ፊደልዎን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እርስዎ አላዩትም።»

እትዬ ብርቅዬ መነጽራቸውን አወለቁ።  ኤልፍነሽ ስድብ ነበር የጠበቀችው፤ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

«እኔ እኮ አይቼዋለሁ ብዬ ነበር» አሉ። «ከአእምሮዬ አውጥቼ አውጥቼ፣ ያንን ጠዋት አገኘሁት። ኮቴን ለብሼ ቆሜ፣ አንቺ ወረቀቱን ዘርግተሽልኝ፣ እሺ ስልሽ ይታየኛል። አራት ዓመት ሙሉ ታየኝ። ያልነበረ ነገር ነው ለካ።»

«እትዬ...»

«ቆይ። አልጨረስኩም። የሰውየውን ልጅ ሄጄ አግኝቻታለሁ። አባትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ ብያታለሁ። በየዓመቱ በሙት ዓመቱ እሄዳለሁ። አንድም ቀን በሩን ከፍታ አስገብታኝ አታውቅም።»

ኤልፍነሽ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ ብርቅዬ አላባበሏትም። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፉትና ከእጃቸው ሥር አኖሩት።

«ይህ እኔ ጋ ይቀራል። አንቺ ደግሞ ወደ ሰውየው ልጅ ትሄጃለሽ። ሃሊና ነው ስሟ። አሁን የነገርሽኝን እንዳለ ትነግሪያታለሽ። ሌላ ከአንቺ የምፈልገው ነገር የለም።»

አድራሻዋን ጽፈው ከኮቷ ጋር ሰጧት።

በማግሥቱ ኤልፍነሽ ፓርክዴል ሄደች። ሃሊና ስልሳ ዓመት የሚጠጋት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ብቻ ከፈተችው። ኤልፍነሽ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ማን ራምፑን እንዳሳጠረው፣ ማን እንደነደፈው፣ ማን የሌላ ሰው ፊደል እንደጻፈና ወረቀቱን እንደደበቀ። ሃሊና ሳታቋርጥ ሰማቻት።

«ረጅሟ ሴት ታዲያ?» አለች ስትጨርስ።

«እሷ አላየችውም። ምንም አላደረገችም።»

ሃሊና ዓይኗን ጨፈነች። ባለፈው ጥር እዚሁ ደረጃ ላይ በረዶ ውስጥ ቆማ ነበር አለች። ሁለት ሰዓት ያህል። ዳግመኛ ባይሽ ፖሊስ እጠራለሁ ብያት ነው የሄደችው። ከዚያ ኤልፍነሽን አየቻትና፣ ስምሽን ጻፊልኝ አለቻት። ኤልፍነሽ ጻፈችላት። በሩ ተዘጋ።

ከመንገዱ ማዶ ካለው የሕዝብ ስልክ ለእትዬ ብርቅዬ ደወለች።

«ነገርኳት» አለች።

«ምን አለች?»

ኤልፍነሽ ሃሊና ያለችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። 

«እሺ» አሉ፤ ዘጉት።

ኤልፍነሽ ለሙያው ማኅበር ባለ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጻፈች። እትዬ ብርቅዬ ቀዩን ወረቀት ላኩ። ፔንዳል ከብዙ ዓመት በፊት የሆነ ነገር እንደማያስታውስ መለሰ፤ በዚያው ሰሞን ቢሮውን ለሸሪኮቹ ትቶ ጡረታ ወጣ፣ ፈቃዱንም በገዛ እጁ መለሰ፣ ከዚህ በላይ የሚጠይቀው አልተገኘም። የኤልፍነሽ ፈቃድ ለሁለት ዓመት ታገደ። ይመር ምነው ዝም ብትይ ኖሮ ሊል አፉን ከፍቶ ተወው። ለእትዬ ብርቅዬ የተሰጠው ውሳኔ መሰረዙን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ደረሳቸው። ፈቃዳቸውን ማደስ ከፈለጉ እንዲያመለክቱ ይላል። አላመለከቱም።

የኮሚቴው ጥናት በመከር ታትሞ ወጣ። ቀጭን፣ ሽፋኑ ሰማያዊ የሆነ መጽሐፍ ነው። ከአርባ አንዱ ሴቶች ሃያ ስድስቱ ሙያውን የተዉት በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት መሆኑ ተረጋግጧል ይላል። ኤልፍነሽ ደውላ ከሃያ ስድስቱ አንዷ ስህተት ናት ብላ ተናገረች። ቁጥሩ አንዴ ታትሟል አሏት፣ በትህትና።

በ1999 እገዳዋ አበቃ። ለአሥራ አንድ ቢሮዎች ጻፈች። ሁለቱ መለሱላት፤ ሁለቱም አሁን ቦታ የለንም አሉ። እሷም እንደ ድሮው ለሰው ፕላን እየገለበጠች፣ የሌላ ሰው ስም የሚሰፍርበትን ወረቀት ቤቷ ሆና ትሠራ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ይመር የበር እጀታ ሊገዛ አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥ ገባና እሷ ተከተለችው። እትዬ ብርቅዬ የትኛው መደብር እንደሚሠሩ አታውቅም ነበር። ከኪችኖቹ መሀል አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጠው፣ ለሁለት አዲስ ተጋቢዎች ይነድፉ ነበር። ቀና ሲሉ አዩዋት። አልሸሹም፣ አልጠሯትም። ዓይናቸውን ወደ ወረቀቱ መለሱና፣ መስኮታችሁ ወርዱ ስንት ነው ብለው ልጆቹን ጠየቁ።